ኬሚስትሪን በኤአር ለማስተማር፦ ወረቀት፣ ስልክ ወይስ መነጽር?

መጽሐፍ ላይ ሚቴን ብዙውን ጊዜ የሚሳለው እንደ መስቀል ነው። መሃል ላይ ካርቦን፣ በአራቱም ጎን ሃይድሮጅን። ያየው ተማሪ አተሞቹን በሚያያይዙት ቦንዶች መካከል ያለው አንግል 90 ዲግሪ ይመስለዋል። መምህሩ 109.5 ነው ይለዋል፣ ተማሪው ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ይጽፋል። ለምን 109.5 እንደሆነ ግን ከጠፍጣፋ ወረቀት ላይ አይታይም።

ኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ባጭሩ ኤአር፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ካሜራው የሚያየውን ክፍል እንዳለ ትቶ ሞለኪውሉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥላችኋል። ዞራችሁ ከጀርባው ታዩታላችሁ፣ አዘንብላችሁ ከላይ ታዩታላችሁ። ለትምህርት ቤት ወይም ለልጃችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ ግን ገበያው ግራ ያጋባል። ከነጻ እስከ ብዙ ሺህ ዶላር አለ። የእኔ ሚዛን ወደ ርካሹ እንደሚያጋድል ከወዲሁ ልንገራችሁ።

የታተመ ምልክትና ላፕቶፕ

ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ያለው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች የሠሩት ሞለኪውላርዌብ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ነጻ ነው። አፕ መጫን አያስፈልግም። ገጹን ከፍታችሁ ካሜራውን ትፈቅዱለታላችሁ፤ ከዚያ አትማችሁ ያዘጋጃችሁትን ምልክት ካሜራው ፊት ትይዛላችሁ። ምልክቱ ወፍራም ጥቁር ፍሬም ያለው አራት ማዕዘን ሥዕል ነው። ኮምፒውተሩ የፍሬሙን አራት ጥግ ይፈልግና ወረቀቱ ወዴት እንዳዘነበለ አስልቶ ሞለኪውሉን እላዩ ላይ ይስላል። ልዩ ሴንሰር ስለማይፈልግ ውድ ማሽን አያስገዛም።

ለክፍል ሥራ ከሁሉም የምመርጠው ይህንን ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ወረቀት። ተማሪ ወደፊት ወጥቶ ሚቴኑን በእጁ ያዞራል፣ ሌላው ክፍል ግድግዳው ላይ ያያል። የሚቴን 109.5፣ የአሞኒያ 107፣ የውሃ 104.5 ለምን እየጠበበ እንደሄደ መምህሩ ቅርጹን እያሳየ ማስረዳት ይችላል።

ኅትመቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ ላሚኔት አታስደርጉት። የመስኮት ብርሃን ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፍ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ሞለኪውሉም ብልጭ ድርግም ይልና ይጠፋል። ተራ ወረቀት ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ ተጠቀሙ። በጥቁሩ ፍሬም ዙሪያ ያለውን ነጭ ጠርዝም ቆርጣችሁ አትጣሉ፤ ካሜራው ፍሬሙን የሚለየው በእሱ ነው። ቀለሙ ያለቀ ማሽን ያወጣው ግራጫ ኮፒም ያስቸግራል።

ትልቁ ችግሩ ኢንተርኔት ነው። ገጹ ካልተከፈተ የዕለቱ ትምህርት ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪ ከመግባቱ በፊት ይከፈት።

በዚሁ መንገድ የሚሠራ የሚሸጥ ዕቃም አለ፦ መርጅ ኩብ። በስድስቱም ጎኑ ምልክት ያለው የስፖንጅ ኩብ ነው። በአፑ በኩል ሲያዩት ልብ ወይም ፕላኔት እጅ ላይ የተያዘ ይመስላል። ለአንደኛ ደረጃ ሳይንስ ደስ ይላል፣ ልጆች ይወዱታል። ነገር ግን ዋናው ወጪ ኩቡ አይደለም። ኩቡን በወረቀት አትሞ አጥፎ መሥራት ይቻላል። የሚከፈለው ለአፑ ይዘት ነው፣ እሱም ጊዜው ሲያልቅ የሚታደስ ክፍያ ነው። በዶላር ካርድ በየጊዜው መክፈል የማይመቸው ትምህርት ቤት ይህን ሳያስብ ኩብ በደርዘን ባይገዛ ጥሩ ነው።

ስልክ ብቻ

ሌላው ዓይነት ኤአር ምልክት አይፈልግም። ስልኩ ራሱ ወለሉን ወይም ጠረጴዛውን አውቆ ነገሩን እዚያ ያቆመዋል። ምርጡ ምሳሌ የሒሳቡ ጂኦጀብራ ነው። ባለ ሦስት አውታር ካልኩሌተሩ ነጻ ነው። ዜድ እኩል ይሆናል ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ዋይ ስኩዌር ብላችሁ ጻፉ፤ ጎድጓዳው ቅርጽ ክፍሉ መሃል ይቆማል፣ ዙሪያውን መሄድ ትችላላችሁ። ለሒሳብ መምህር ከዚህ የተሻለ ነጻ ነገር አላውቅም።

ጣጣው ስልኩ ላይ ነው። አንድሮይድ ከሆነ ኤአርኮር የሚባለውን የጉግል የኤአር ሶፍትዌር ከሚችሉት ስልኮች ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። አይፎን ከሆነ ከ6ኤስ ጀምሮ ያለው የአፕልን ተመሳሳይ ሶፍትዌር፣ ኤአርኪትን፣ ይችላል። እኛ አገር በብዛት የሚሸጡት ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ ጋይሮስኮፕ የላቸውም፤ ጋይሮስኮፕ ከሌለ ስልኩ ወዴት እንደዞረ በትክክል አያውቅም። ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው የሚለው እዚህ ላይ አይረዳችሁም። ስልክ ቤት ሄዳችሁ ሻጩን ብትጠይቁት "ሁሉንም ይሠራል" ይላችኋል። ከመክፈላችሁ በፊት የስልኩን ሞዴል ከጉግል ዝርዝር ላይ ፈልጉ። ከሌለ የለም።

እና ደግሞ "ተማሪዎች የራሳቸውን ስልክ ይጠቀማሉ" የሚለው ዕቅድ ወረቀት ላይ ነው የሚያምረው። ግማሹ ይሠራለታል፣ ግማሹ የጎረቤቱን ትከሻ ያያል፤ መምህሩም ክፍለ ጊዜውን ስልክ ሲጠግን ይጨርሳል።

መነጽር

ማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ 2 የሚባለውን የኤአር መነጽር በ2019 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ዋጋው 3,500 ዶላር ነበር። በ2024 ማምረት አቆመ። የሜታው ኩዌስት 3 በ2023 በ499 ዶላር ወጣ፤ ቀለል ያለው 3ኤስ በዓመቱ በ299 ተከተለው። ልምዱ አስደናቂ ነው፣ አልክድም። ሞለኪውል ውስጥ መግባት ይቻላል።

ግን ሒሳቡን እንሥራ። 50 ተማሪ፣ አንድ መነጽር፣ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ፦ 150 ደቂቃ። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከሆነ ወደ አራት የሚጠጋ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ሞለኪውል ሄደ። ባትሪውም ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። መምህሩ ተማሪው የሚያየውን ለማየት ሌላ ስክሪን ማገናኘት አለበት። ለዩኒቨርሲቲ ምርምር ወይም ለአናቶሚ ሊያዋጣ ይችላል። ለ9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ገንዘብ መከስከስ ነው።

ነገ ይኖራል ወይ?

ይህን ጥያቄ ገዢ ሲጠይቅ ብዙ አይሰማም። ዳክሪ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ኤለመንትስ ፎርዲ የሚል ግሩም ነገር ነበረው። ስድስት ኩብ፣ በየጎኑ አንድ ንጥረ ነገር፣ በጠቅላላው 36። የሶዲየሙን ኩብ ከክሎሪኑ ጋር ስታገናኙት ጨው ይሆናል። ሶዲየምና ክሎሪንን እውነተኛ ክፍል ውስጥ ማገናኘት የሚደፍር የለም፣ ስለዚህ ለኤአር የተሰጠ ትምህርት ነበር። ኩባንያው በ2019 ተዘጋ። ጉግልም ኤክስፔዲሽንስ የሚባለውን የትምህርት አፑን በ2021 ዘጋው። እንዲህ ሲሆን ኩቡ ይቀራል፣ አፑ ይሄዳል።

ኤአር ያልሆኑት ተፎካካሪዎች

ፌት የሚባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሲሙሌሽን ስብስብ ኤአር አይደለም፣ ግን ንጽጽሩ ውስጥ ካልገባ ገዢውን ማታለል ይሆናል። በ2002 የጀመረው የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ነው። ሲሙሌሽኖቹ ነጻ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ፋይል ይወርዳሉ፣ ያለ ኢንተርኔት በብሮውዘር ይከፈታሉ። ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ከክፍል ክፍል መዞር ትችላላችሁ። የሞለኪውል ቅርጽ፣ ፒኤች፣ እኩልታ ማመጣጠን፣ ሁሉም አለ። ኔትወርክ የማያስተማምንበት ትምህርት ቤት ከኤአር በፊት ይህን ይያዝ።

የፕላስቲክ ሞለኪውል መሥሪያም አለ። ካርቦን ጥቁር፣ ኦክስጅን ቀይ፣ ሃይድሮጅን ነጭ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ ችግሩ ነጮቹ ኳሶች አንድ በአንድ መጥፋታቸው ነው።

አንዱም ግን ቤተ ሙከራን አይተካም። ታይትሬሽን ላይ፣ ማለትም የአሲድን መጠን በቤዝ ጠብታ ስትለኩ፣ ቀለም አመልካቹ ፌኖልፍታሊን ፈዛዛ ሮዝ ሲሆን ቡሬቱን፣ ጠብታውን የሚያወርደውን ቱቦ፣ በጊዜ መዝጋት የእጅ ሥራ ነው። አንዲት ጠብታ ካለፈች ደማቅ ይሆንና እንደገና ይጀመራል። ይህን ስክሪን አያስተምርም። በጀቱ ኤአር ወይም ቡሬት ከሆነ ቡሬት ይገዛ።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት አንድ ነገር ለመላክ የምታስቡም አላችሁ። መነጽር ሻንጣ ውስጥ ከመክተት ሁለት የሞለኪውል መሥሪያ ሳጥንና አንድ የዩኤስቢ ዌብካም ላኩ። ዌብካሙ ገመዱ ረዘም ያለና ወደ ታች ጠረጴዛው ላይ ማነጣጠር የሚችል ይሁን፤ የላፕቶፑ ካሜራ የሚያየው የመምህሩን ፊት ነው።