ዲኤክስ ወይስ ቪትዝ? ከሱሉልታ ለሚመላለስ ገዢ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ከከተማ ዳር እየኖረ አዲስ አበባ የሚሠራና አቅሙ ለኤሌክትሪክ መኪና ያልደረሰ ሰው የሚያማርጠው ቀድመው ከገቡት ነው። በሱሉልታ መንገድ ሁለቱንም ለዓመታት ስለነዳሁ፣ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስንና የመጀመሪያውን ትውልድ ቪትዝ አነጻጽራለሁ።

እዚህ የምመለከተው ዲኤክስ በ1979 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የወጣው አራተኛው የኮሮላ ትውልድ ሲሆን፣ የኋላ ጎማውን የሚያዞር ባለ 1,290 ሲሲ ሞተር አለው። በ1999 እ.ኤ.አ. የመጣው ቪትዝ የሚጎተተው በፊት ጎማው ነው፤ የእኔው ባለ 997 ሲሲ ነው።

ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው ዳገት ላይ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ የዲኤክስ ካርቡሬተር፣ ማለትም አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ክፍል፣ ግን ይህን ለይቶ ቤንዚን ስለማይቀንስ ሞተሩ ይታፈናል። ማታ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ስወጣ ዲኤክሱ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣ ነበር፤ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትቼ ባየሁ ቁጥርም ጫፉ ጥላሸት ለብሶ አገኘው ነበር። ቪትዝ ግን ኢንጀክሽን (በኮምፒውተር እየታዘዘ ቤንዚን የሚረጭ) ስለሆነ የአየሩን መጠን በሴንሰር ለክቶ ቤንዚኑን ያመጣጥናል፤ በውርጭ ማለዳም ቾክ ሳይሳብ ይነሣል።

ከአስፋልት ወጥቶ ኮረት ለበስ መንገድ ላይ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ቪትዝ ሆዱ ድንጋይ ይነካል፤ ሴንሰሩ ሲበላሽም በኮምፒውተር የሚመረምር ጋራዥ ያስፈልገዋል፣ ይህም በየሰፈሩ አይገኝም። ዲኤክስን የሰፈር መካኒክ በካቻቪቴና በቁልፍ መንገድ ዳር ያስነሣዋል።

ስለዚህ እስከ በሩ አስፋልት ላለውና በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ያለ ማመንታት ቪትዝን እመርጣለሁ። ዲኤክስ የሚሆነው መንገዱ ገና ላልተሠራለትና በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ለሚወጣ ነው።

ቪትዝ ስትገዙ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መሆን አለመሆኑን በመካኒክ አስመርምሩ፤ በደንብ ያልተሠራ ከሆነ አደጋው ቀላል አይደለም። ለዲኤክስ ደግሞ ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱና በሮቹን ከሥር፣ የጎማውንም ዙሪያ ዳስሱ። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ዝገቱን ለመሸፈን የተለሰነ ስቱኮ ነው።