ባሌ በሐምሌ፦ አስጎብኚው፣ መኪናው፣ ማደሪያው

እናቴን ልጠይቅ ከሲያትል በሐምሌ ስመጣ፣ «ከልጄ ጋር ባሌ ተራሮች ልሄድ ነው» ብል ዘመድ ሁሉ ተቃወመ። «በዚህ ጭቃና ብርድ?» ብርዱ እውነት ነው፤ ጓንት ያዙ። የኛ ልጆች ትምህርት የሚዘጋው ግን በክረምት ስለሆነ፣ እንደኔ ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው የተጠቀምኩበትን ልናገር።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደረሰኝ ቆርጠው ተረኛውን አስጎብኚ ጠሩልን። ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ባለው የኮሶና የጽድ ደን ገና አሥር ደቂቃ ሳንራመድ የደጋ አጋዘን መንጋ አገኘን። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው፤ ያን የሚያህል ፍጥረት በሳይንስ ስም የተሰጠው ገና እ.ኤ.አ. በ1910 ነው።

ለጉዞው ከከፈልኩት ሁሉ የማልቆጭበት የአስጎብኚውን ነው። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከጎባ ተነስተን 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ሳነቴ ወጣን። ቀይ ቀበሮን በኦሮምኛ «ጀዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ እንደሚሉት ነገረን። እኛ ቀበሮ ፍለጋ ዙሪያውን ስንቃኝ እሱ ከድንጋይ ጀርባ አስቀምጦን አንድ ጉድጓድ አሳየን። የግዙፉ ፍልፈል ነው። ባሌ ብቻ የሚኖር፣ እስከ አንድ ኪሎ የሚመዝን፣ የቀበሮው ዋና ምግብ። ሣር ሊያጭድ ብቅ ሲል ትንሽ ቡናማ ወፍ አጠገቡ ትቆማለች፤ እሱ ከቆፈረው አፈር ትል ትለቅማለች፣ አደጋ ስታይ ትጮኻለች፣ እሱም ይገባል። «ወፏን እዩ እንጂ ቀበሮውን አትፈልጉ» አለን። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ወፏ ጮኸች፤ ቀበሮው በሆዱ እየተሳበ ሲመጣ ያየነው ያኔ ነው። ረግረጉ ዳር ደግሞ ከአገጫቸው ሥር ሁለት ሥጋ የተንጠለጠለባቸው፣ ዋትልድ ክሬን የሚባሉ ጥንድ ትልልቅ ወፎች ቆመው ነበር። ሳነቴ ላይ ጫጩት የሚፈለፍሉት በዝናቡ ወራት ስለሆነ፣ በበጋ የሚመጣ ሰው ይህን ላያይ ይችላል።

መኪናውን በተመለከተ አዝኛለሁ። ከአዲስ አበባ ከነሹፌሩ ነው የተከራየሁት። ስንመለስ ሌላ ቀበሮ መንገድ ሲያቋርጥ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፍቶ ሣሩ ላይ ነዳ፤ ለፎቶ ቀረብ እንድንል ብሎ ነው። አስጎብኚው «አቁም፣ ወንድሜ! የፍልፈሉን ጉድጓድ እየናድክ ነው» አለው። እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን ስቴት ከ2025 ጀምሮ የጉብኝት ጀልባ በዚያ ካሉት፣ «ደቡባዊ ኦርካ» ከሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች 900 ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ የቀሩት ሰባ ምናምን ብቻ ናቸውና። ቀይ ቀበሮም በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው፣ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ውስጥ። ሹፌሩ ይቅርታ ጠይቋል፤ ክፉ ሰው አይደለም። «ደንበኞች ይፈልጉታል» ነው ያለኝ። ስለዚህ ገና ቀብድ ሳትከፍሉ «ከመንገድ አንወጣም» በሉ።

ጎባ ያደርንበት ቤት ሙቅ ውኃ አለ ብሎ አልነበረውም፤ አልፈዋለሁ። የጠየቅኩት ግቢው ውስጥ ያሉት ውሾች ተከትበው እንደሆነ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ብዙ የባሌ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፤ የመጣውም ከለማዳ ውሻ ነው። ባለቤቱ የክትባት ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ። በዚያ ውኃውን ይቅር አልኩት።

የመጨረሻዋን ሌሊት ከሐረና ጫካ አፋፍ፣ ሪራ መንደር፣ አንዲት እናት ቤት አደርን። አልጋው ቀላል፣ ማሩና የጫካ ቡናው ልዩ ነው። ቀን ጅረቱ ዳር ፀሐይ ብልጭ ስትል የውኃ ተርቦች አየን። ማታ ልጄ ነጠላዬን ግድግዳው ላይ ሰቅላ የሶላር መብራት አበራችበት፤ በደቂቃዎች ውስጥ የእሳት እራት ሞላው፤ ግራጫው፣ አረንጓዴው፣ መዳፍ የሚያህለው። ሠላሳ ሁለት ዓይነት ቆጥራ ገና አልጨረሰችም ነበር፣ ያሳደሩን እናት ብቅ ብለው «ልጄ፣ በቃሽ፣ መብራቱን አጥፊላቸው፤ እስኪነጋ ሲዞሩ ደክሟቸው ይሞታሉ» አሏት። አጠፋችው።