«ሞተሩ ከተከፈተ አይቀር» ብለው 210 ሺህ ብሬን በሉኝ

ትናንት ከሰዓት ባየሁት ነገር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የድሮ አይሱዙ ያላችሁ፣ ሞተር ለማስወረድ የምታስቡ፣ በተለይ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ እየጠያየቃችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ይሄን አንብቡት።

መኪናዬ ኤን ፒ አር የምትባለው የአይሱዙ የጭነት መኪና ናት፣ የ1998 እ.ኤ.አ. ሞዴል። ሞተሯ ፎር ኤች ኤፍ ዋን የሚባለው፣ አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ነው። ሁለት ችግር ነበረባት። ዘይት ትበላለች፣ ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበት ታጣለች። እኔ የፈለግኩት ፋሻ (ፒስተኑ ላይ የሚገባውን ቀለበት)፣ ብሮንዝ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ማረፊያ) እና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) አስቀይሬ ቶሎ ወደ ሥራዬ መመለስ ነበር። 92 ሺህ ብር አሉኝ። ተስማማን፣ ሞተሩ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን ማለት ነው፣ ይነሳል፤ ስልክ ይደወልልሃል፣ «ና በዓይንህ እይ» ትባላለህ። የጋራዡ አለቃ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሲሊንደሩ ውስጥ በባትሪ ያበራልሃል። «አየኸው? ተበልቷል።» እኔ የሚታየኝ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ቀጥሎ ያቺ ነገር ትመጣለች። «ወንድሜ፣ ሞተሩ ከተከፈተ አይቀር...»

ከተከፈተ አይቀር ለምን ወደ ፎር ኤች ጂ ዋን አናሳድገውም አለኝ። ሰባ አንድ የምንለው ኤን ፒ አር ላይ ያለው ሞተር ነው። በጣም በእርጋታ አስረዳኝ። የሁለቱም ስትሮክ፣ ማለትም ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ርቀት፣ አንድ ነው፣ 110 ሚሊ ሜትር። የሚለዩት በፒስተኑ ስፋት ነው፤ የኤች ኤፉ 112፣ የኤች ጂው 115። ሊነር (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደሩ የውስጥ ግድግዳ) እና ፒስተን ከተቀየረ 4.3 ሊትር የነበረው 4.6 ይሆንልሃል። ብሎኩ፣ ዋናው የሞተሩ አካል፣ ያው ስለሆነ የሞተር ቁጥሩ አይቀየርም፣ ሊብሬህም አይነካም። ሽሮ ሜዳን በሦስተኛ ማርሽ ትወጣዋለህ።

የሚያንገበግበኝ ቁጥሮቹ ልክ መሆናቸው ነው። ማታ ቤት ገብቼ ፈልጌ አረጋግጫለሁ። ቁጥሮቹ ልክ ሲሆኑልኝ ሰውዬውንም አመንኩት። ያን ማታ አንድ ተራ ሂሳብ አልሠራሁም። ከ4,334 ሲሲ ወደ 4,570 ማለት የ236 ሲሲ ጭማሪ ነው። ከመቶ አምስት ተኩል እንኳ አይሞላም። ቃሉን ጠብቆ ቢሠራልኝ ኖሮ እንኳ የማገኘው ይሄንኑ ነበር። ለዚህች 118 ሺህ ብር ጨመርኩ። ባለቤቴ እቁብ ደርሷት ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያስቀመጠችው ብር ነው።

በጠቅላላው 210 ሺህ። 140ውን በባንክ አስተላለፍኩ፣ 70ውን በእጁ ሰጠሁት። ደረሰኝ ስለው «15 በመቶ ቫት ለምን ትከፍላለህ? ለልጆችህ አድርገው» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለቴ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ እንደተሰነቀረ ነው።

ዘጠኝ ቀን ጋራዡ በር ላይ ተቀምጬ ቡና ጠጥቻለሁ። ሲሊንደር ከ112 ወደ 115 እንዲሰፋ ብሎኩ ብረት በማሽን የሚቆረጥበት ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት። በእጅ የሚሰፋ ነገር አይደለም። የእኔ ብሎክ ግን ዘጠኙንም ቀን ከዚያ ጋራዥ ወለል ላይ አልተነሳም። እያየሁት! ብሎኩ ፊቴ ተቀምጦ፣ እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ፣ አንድ ቀን እንኳ «ቶርኖ ቤት መቼ ነው የሚሄደው?» ብዬ አልጠየቅኩም።

መኪናዋ ከወጣች አምስት ሳምንት ሆናት። በሁለተኛው ሳምንት ዘይት መብላት ጀመረች። ሽሮ ሜዳ ላይ በግማሽ ጭነት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣች። አለቃው ስደውልለት «ገና አልተላመደችም» ይለኛል። ሲብስብኝ የሰፈሬ መካኒክ ከፈታት። «ፋሻዋ አልያዘም፣ ሶማሌ ተራ ሂድና የኤች ጂ ዋን ፋሻ አምጣ» ብሎ አንዱን ፒስተን በፌስታል አስያዘኝ።

ትናንት ሶማሌ ተራ የገባሁት እንግዲህ ለፋሻ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ፋሻውን ከካርቶን አውጥቶ ፒስተኑ ላይ ሊያስገባው ሞከረ። ጫፎቹን ቢያጋጥማቸውም ሰፋ። ሌላ አወጣ፣ ያም ሰፋ። ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ይሄ የኤች ጂ ነው ያለዎት ማን ነው?» ተቀይሮልኛል፣ 115 ነው አልኩት። ምንም ሳይል ከመሳቢያው ካሊፐር አወጣና ፒስተኑን ያዘበት። ለካ። አዙሮ ለካ። ከዚያ ካሊፐሩን ወደ እኔ አዞረው። 112 እንኳ አይሞላም።

አሁንም አላመንኩም። ምናልባት በስህተት ተቀያይሮ ይሆናል አልኩ። ልጁ ጨርቅ ቤንዚን ነክሮ የፒስተኑን አናት ይጠርግ ጀመር። ጥላሸቱ ሲለቅ ከሥሩ ጭረት ብቅ አለ። መጀመሪያ መስመር መሰለኝ። ሲጠራ 3 ቁጥር ሆነ። በካቻቢቴ ጫፍ የተጫረ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ 3።

ያን 3 አውቀዋለሁ። ሞተሩ መጀመሪያ ሲፈታ አለቃው አራቱንም ፒስተኖች እንዳይቀላቀሉ ብሎ እየጫረ ቁጥር የሰጣቸው እኔ ፊት ነው። አጠገቡ ቆሜ ባትሪ የያዝኩለት እኔ ነኝ። የራሴን አሮጌ ፒስተን አጥቦ፣ ፋሻ ብቻ ቀይሮ፣ በተበላው ሊነር ላይ መልሶ አስገብቶልኛል። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር፣ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

ከሶማሌ ተራ እስከ ጋራዡ በእግሬ ሄድኩ። አለቃው ምሳ እየበላ ነው። ፒስተኑን ከፌስታል አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። አልተነሳም። ጉርሻውን እንኳ አላቋረጠም። «ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለኝ። ከራሴ ሞተር አልኩት። ወደ ልጆቹ ዞሮ «እንግዲህ ይሄም መካኒክ ሆነ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ቁጥሩን በጣቴ አሳየሁት። አየና «ሌላ ጋራዥ ከፍቶት አይደል? እነሱ ቀይረውብህ ይሆናል» አለ። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ተነስቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ «ለመሆኑ ደረሰኝ አለህ?» አለኝ።

ረዳቱ፣ እዚያ ዘጠኝ ቀን ቡና የጋበዝኩት ልጅ፣ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሌላው ያበሸቀኝ የሰፈሬ መካኒክ ማታ የነገረኝ ነው። የመኪናዋ ድካም ከጅምሩም ከፒስተን አልነበረም። ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎቿ ያንጠባጥባሉ፣ ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓዋም ከተለካ ዓመታት አልፈዋል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከተማ የሚስበው አየር ያንሰዋል። ናፍጣ ቢጨመርበት ጥቁር ጭስ እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ፋሻና ብሮንዝ ቀይሮ፣ ኖዝልና ፖምፓ አስለክቶ ማቆም ይበቃ ነበር። የዚህን ዕድሜ መኪና ወደነበረችበት መመለስ እንጂ ማሳደግ ምን ያደርጋል? ይሄን የሚለኝ ሰው ያገኘሁት ብሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ሞተር የምታስወርዱ ካላችሁ፣ አሮጌው ዕቃ በሙሉ በእጃችሁ ይመለስ። ሲሊንደር ይሰፋል ከተባላችሁ ብሎኩን ይዛችሁ ቶርኖ ቤት ድረስ አብራችሁ ሂዱ፤ አዲሱ ፒስተን ከመግባቱ በፊት ፊታችሁ ይለካ፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። ደረሰኝ ደግሞ ለማንም ብላችሁ እንዳትተዉ።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል። ከስድብም ይጠብቀዋል። ደረሰኝ የለኝም፣ ግን 140 ሺህ ብር ያስተላለፍኩበት የባንክ ወረቀት አለኝ። ፒስተኑም አለ፣ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ባለቤቴ ፌስታሉን ልታነሳው ስትል ተይው አልኳት። ነገ ጠዋት የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይዤው እገባለሁ።