ለአንዲት አዋላጅ ነርስ ምስጋና፣ ለድሬዳዋ ነፍሰ ጡሮችም ጥቆማ

ባለቤቴን በእርግዝናዋ ወራት ሲከታተሏት ለነበሩት፣ በሳቢያን አካባቢ ለሚሠሩ አዋላጅ ነርስ ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ። ሲስተር ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አላወጣውም፤ እርጉዝ ሚስት፣ እህት ወይም ልጅ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ ግን የት እንደሚገኙ በደስታ እጠቁማለሁ።

ድሬዳዋ ላይ የነፍሰ ጡር እግር ሲያብጥ ሁሉም ሰው «ሙቀቱ ነው» ይላል። አማቴም ያሉን፣ ቀደም ሲል የሄድንበት ክሊኒክም ሽንቷን ሳይመረምር የነገረን ይህንኑ ነበር። ሲስተር ግን ከእግሯ ይልቅ ፊቷንና እጇን አዩ፤ ቀለበቷ ከጣቷ መውጣት እንቢ ብሎ እንደሆነም ጠየቁ። ከዚያም ጀርባዋን አስደግፈው፣ ሁለት እግሯን መሬት አስረግጠው፣ ክንዷን በልቧ ትክክል ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው «እናትዬ፣ ትንሽ ዝም እንበል» አሏትና ካረፈች በኋላ ግፊቷን ለኩ። ልኬቱ ከ140/90 በላይ ቢሆንም በአንድ ጊዜ አልረኩም፤ አቆይተው ደግመው ለኩ። ሽንት የነካውን የመመርመሪያ ወረቀት ከዕቃው ላይ ካለው የቀለም ሠንጠረዥ ጋር እያስተያዩ ፕሮቲን መኖሩን ለእኛም አሳዩን።

ይህን ሌላ ባለሙያም ሊያደርገው ይችላል። እኔን ለመጻፍ ያነሳሳኝ በሽታውን፣ ማለትም ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለውን በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም፣ ያስረዱበት መንገድ ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ጨው ነው፣ ሌላው ሐሳብ ነው ሲል፣ እርሳቸው ነገሩ የሚጀምረው ከእንግዴ ልጁ መሆኑን በወረቀት ላይ እየሣሉ ነገሩን። በጤናማ እርግዝና የእንግዴ ልጁ ሴሎች ወደ ማህፀን ግድግዳ ዘልቀው የእናቲቱን ጠመዝማዛ የደም ቧንቧዎች ጡንቻ ያስወግዳሉ፤ በዚህም ቧንቧዎቹ ሰፍተው ብዙ ደም በዝግታ ያስገባሉ፤ ይህም በአብዛኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ድረስ ይጠናቀቃል። ፕሪኤክላምፕሲያ በሚይዛቸው ብዙ እናቶች፣ በተለይም ሕመሙ ቀደም ብሎ በሚጀምራቸው ዘንድ፣ ለውጡ በጅምር ይቀራል። ያኔ ደሙ፣ አፉ በጣት እንደተያዘ የውሃ ጎማ፣ በጠባቡ ቧንቧ በኃይል እየተረጨ ስሱን የእንግዴ ልጅ አካል ይጎዳል፤ ኦክስጅንም በወጉ አይደርሰውም። የተጎዳው እንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቃቸው ፕሮቲኖች ደግሞ በመላ ሰውነቷ ያሉትን የደም ስሮች ውስጠኛ ሽፋን ያውካሉ፤ ግፊቱ የሚጨምረው፣ ኩላሊት ፕሮቲን የሚያፈሰው፣ ራስ ምታቱና የዓይን ብዥታው የሚመጣው ከዚህ ነው። እንግዴ ልጁ እስካልወጣ ድረስ ጨው መተውም ሆነ መተኛት ሥሩን እንደማይነቅለው የገባን ያን ቀን ነው።

የደም ፍሰትን ለሚያሳየው የዶፕለር አልትራሳውንድ ከላኩን በኋላም ውጤቱን ቁጭ ብለው አነበቡልን። በእትብቱ ቧንቧ ውስጥ ደም የጽንሱ ልብ በሚያርፍበት ቅጽበት እንኳ ወደ እንግዴ ልጁ መፍሰስ አለበት፤ የእንግዴ ልጁ ጥቃቅን ስሮች ሲጎዱ ፍሰቱ ይቀንሳል፣ ሲብስም ይቆማል ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል። የእኛ ቀንሶ ነበር እንጂ አልቆመም። በዚያው ዕለት ሪፈር ጽፈው ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ላኩን።

እዚያ ማግኒዚየም ሰልፌት ሲታዘዝላት አማቴ መርፌው በዛ ብለው ሲቃወሙ፣ በስልክ ያግባቡልን እርሳቸው ናቸው። መድኃኒቱ የሚሰጠው ግፊት ለማውረድ ሳይሆን ይኸው በሽታ የሚያመጣው የሚጥል መንቀጥቀጥ እንዳይነሳ መሆኑን፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመውና ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የማግፓይ ጥናትም አደጋውን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ማሳየቱን ነገሯቸው። በየመርፌው ፊት ጉልበቷን በመዶሻ ለምን እንደሚመቱ (እኔ ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር)፣ ትንፋሿንና ሽንቷን ለምን እንደሚቆጥሩ ያስረዱኝም እርሳቸው ናቸው፦ መድኃኒቱ ከመጠን ሲያልፍ መጀመሪያ የሚጠፋው የጉልበት ምላሽ ነው።

ልጃችን ያለ ጊዜዋ ብትወለድም ዛሬ ደህና ናት። ከወሊድ በኋላም አደጋው ወዲያው ስለማያልፍ ቤት ድረስ እየመጡ ግፊቷን ለክተውላታል፤ ለሚቀጥለው እርግዝናም ከ16ኛው ሳምንት በፊት እንድትመጣና በሐኪም ትእዛዝ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን እንድትጀምር መክረዋታል።

ወደ እርሳቸው የምትሄዱ የቀድሞ የክትትል ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳያዩት ምርመራ አይጀምሩም።