ሮሪ ወይስ ስኮቲ? ወደ ጎልፍ አናት የሚወስዱ ሁለት መንገዶች

የሰሜን አየርላንዱ ሮሪ ማክኢልሮይ አሜሪካ ኮሌጅ የመግባት ዕድሉን ትቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ገና በ18 ዓመቱ ፕሮፌሽናል ሆነ። አሜሪካዊው ስኮቲ ሼፍለር አልቸኮለም። ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ነው በ2018 ፕሮፌሽናል የሆነው።

የሮሪ መንገድ ፈጣን ነው፤ ግን ስህተትህን ሁሉ ዓለም ያየዋል። ከጎልፍ አራት ታላላቅ ውድድሮች አንዱ የሆነውን የ2011 ማስተርስን የመጨረሻ ቀን በአራት ምት እየመራ ጀመረ፤ ጎልፍ ላይ በትንሽ ምት የጨረሰ ነው የሚያሸንፈው። 10ኛው ጉድጓድ ላይ የመጀመሪያ ምቱ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ኳሷ ጎጆዎች መሃል ገባች። በአራት ምት የሚያልቀውን በሰባት ጨረሰ፤ ቀኑንም በ80 ምት ዘጋ። የሚገርመው፣ ከሁለት ወር በኋላ ሌላውን ታላቅ ውድድር፣ የአሜሪካ ኦፕንን፣ በስምንት ምት ልዩነት አሸነፈ። እንዲህ ወድቆ ቶሎ የሚነሳ ወጣት ግን ስንት አለ?

ስኮቲ መጀመሪያ ከዋናው የአሜሪካ ፕሮፌሽናሎች ውድድር፣ ከፒጂኤ ቱር፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ኮርን ፌሪ ቱር ራሱን አሟሸ። በዋናው ቱር የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በ2022 ነው። ከዚያማ ማን ይቻለው! በሁለት ወር ገደማ አራት ውድድር አሸነፈ፣ የዓለም አንደኛ ሆነ፣ ማስተርስንም ወሰደ።

አንድ ጎበዝ ታዳጊ ምክር ቢጠይቀኝ የስኮቲን መንገድ ነው የምለው። ሮሪም ቢሆን ማስተርስን ያገኘው በ2025 ነው።