ጳጉሜን ያልቆጠረው ማገናኛ፦ ከአሥር ወር አገልግሎት በኋላ

መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት፣ በቱሉ ዲምቱና በቆዬ ፈጬ አካባቢ ቤት የሚሠሩ አንድ የቆዩ ደንበኛችን ገላን ወዳለው የግንባታ ዕቃ መጋዘናችን መጥተው የዱቤ ሒሳባቸውን መዝጋት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ፒችትሪ ከተባለው የሒሳብ ፕሮግራማችን ቀሪ ሒሳባቸውን አውጥቼ ሳነብላቸው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም «ልጄ፣ ዕዳዬ አነሰብኝ» ብለው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ የደረሰኝ ቅጂ አወጡ። የካርቦኑ ጽሑፍ ቢደበዝዝም ይነበባል፤ 60 ቤርጋ ባለ 12 ፌሮ፣ 40 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ከነ15 በመቶ ቫቱ፣ ቀኑም 03/13/2017። ያ ደረሰኝ በሒሳብ መዝገባችን ውስጥ አልነበረም።

ይህን ግምገማ የምጽፈው በዚያ ደረሰኝ ምክንያት ነው። የሽያጭ ፕሮግራማችንን ከፒችትሪ ጋር የሚያያይዘውን የመረጃ ማገናኛ የገዛነው በጥር 2017 ነበር። መጋዘኑ ሽያጩን በኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ይመዘግባል፤ ፒችትሪ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የሒሳብ ሠራተኛችን እያንዳንዱን ደረሰኝ ቀኑን እየቀየረች በእጇ ታስገባ ስለነበር ማገናኛውን እንዲገዙ ባለቤቶቹን ያሳመንኩት እኔው ነኝ። የትኛው ዕቃ ወደ የትኛው ሒሳብ እንደሚገባ የሚወስነውን ዝርዝር ራሴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠራሁ። ፒችትሪ የሽያጭ ደረሰኝ ከፋይል ሲቀበል እያንዳንዱ ደረሰኝ ስንት ረድፍ እንዳለው አስቀድሞ እንዲነገረው ይፈልጋል፤ ማገናኛው ይህን አንድም ቀን አልተሳሳተም። መብራት በመሃል ሲጠፋም የመጨረሻውን የደረሰኝ ቁጥር ይዞ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ አይደግምም። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ደንበኛችን ከሄዱ በኋላ የሽያጭ ፕሮግራሙንና ፒችትሪን ጎን ለጎን ከፍቼ ደረሰኝ በደረሰኝ አመሳከርኩ። ጳጉሜ 2 እሑድ ስለነበር ዝግ ነበርን፤ በቀሩት አራት የሥራ ቀናት ከተቆረጡት 87 ደረሰኞች ውስጥ አንድም አልገባም። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ግን ጠዋት ኮምፒውተሩን ስንከፍት ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ ቀለም የምናነበው «ዝውውሩ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል መልእክት ነበር። ማንም በማይከፍተው ፎልደር ውስጥ ባለ የመዝገብ ፋይል ላይ ግን 87 ጊዜ «ልክ ያልሆነ ቀን፤ ረድፉ ታልፏል» ተብሎ ተጽፏል።

የስህተቱን ምንጭ ለማግኘት የድርጅቱን ሒሳብ ቅጂ አዘጋጅቼ ሙከራውን በቅጂው ላይ አደረግሁ። ቀኑን የሚቀይረው ክፍል ጤነኛ ነው፤ 01/13/2017 ሲሰጠው ሴፕቴምበር 6 ቀን 2025 ብሎ በትክክል ይመልሳል። ጥፋቱ ያለው ከእሱ በፊት በተቀመጠው ማጣሪያ ላይ ነው። ማጣሪያው የኢትዮጵያን ቀን ገና ሳይቀየር በፈረንጅ ሕግ ይመዝነዋል፤ ወሩ ከ12 በላይ ከሆነ ረድፉን ይጥለዋል። ይህን ሳውቅ ወዲያው ጥቅምት ትዝ አለኝ። ጥቅምት በእኛ ሁለተኛ ወር ነው፤ በፈረንጅ ሕግ ሁለተኛው ወር ደግሞ ፌብሩዋሪ ስለሆነ በ2018 ከ28 ቀን አያልፍም። 29/02/2018 እና 30/02/2018 የሚል ቀን ያላቸው ሁለት ደረሰኞች ሠርቼ ብልክ ሁለቱንም ጣላቸው። ጥቅምት 30 እሑድ ስለሚውል የሚጎድለን የቅዳሜው ሽያጭ ብቻ ይሆን ነበር፤ ቅዳሜ ግን ከሁሉም በላይ ፌሮ የምንሸጥበት ቀን ነው።

ሻጩ ፊቴ ቢቆም ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ዓለም ሁሉ የሚሠራው በ12 ወር ነው ይለኛል። ታዲያ ማገናኛውን የሸጠልኝ ቀኑን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀይራል ብሎ አይደለምን? ጳጉሜን የማያውቅ ቀን ቀያሪ፣ ሠላሳ ደረጃ አስቆጥሮ የመጨረሻውን ደረጃ ያላሠራ ግንበኛ ማለት ነው። ስህተቱ እኮ በመዝገብ ፋይሉ ላይ ተጽፏል ሊለኝም ይችላል። ረድፎች የታለፉበትን ዝውውር «ተሳክቷል» ብሎ ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሒሳብ ሰው አረንጓዴ ሲያይ አምኖ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ዝውውሩ ቆሞ በቀይ ቢጮህ ኖሮ ጳጉሜ 1 ቀን ላይ እንይዘው ነበር። የነሐሴና የጳጉሜን የቫት ማስታወቂያ ገና ስላላስገባን እንጂ የ87 ደረሰኝ ቫት አጉድለን ልናስታውቅ ነበር፤ በዚያ ላይ ደንበኛው ሌላ ሰው ቢሆኑ ኖሮ የተነገራቸውን ከፍለው በሄዱ ነበር።

የእኔም ድርሻ አለበት። በጥር ስንፈትሸው የተጠቀምነው የታኅሣሥን ሽያጭ ብቻ ነበር፤ ታኅሣሥ አራተኛ ወር ስለሆነ ማጣሪያው በ30 ቀኑ አንድም የሚያነሳበት ነገር አልነበረውም። አሁን ማጣሪያውን ዘግቼ በቦታው የራሴን አስቀምጫለሁ፤ ይህም ሌላ ጉድለት አሳየኝ። ያለ ማጣሪያ 06/13/2018 የሚል ቀን ብሰጠው ማገናኛው ዝም ብሎ መስከረም 1 ቀን 2019 አድርጎ ተቀበለው። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ ቀጣዩዋ በ2019 ናት። ስለዚህ ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ሆና እንድትገባ፣ የ2018ቷ ደግሞ ውድቅ እንድትሆን አድርጌ የፈተና ደረሰኞቼን 41 አድርሻቸዋለሁ። በማጣሪያው ደንብ ላይ አንዲት ነገር በነካሁ ቁጥር 41ዱም በቅጂው ሒሳብ ላይ እንደገና ይፈተሻሉ። በየሌሊቱም ከሽያጭ ፕሮግራሙ የወጣው የደረሰኝ ብዛትና የብር ድምር ፒችትሪ ውስጥ ከገባው ጋር ካልተካከለ ለእኔና ለሒሳብ ሠራተኛችን በስልካችን መልእክት ይደርሰናል። ይህን የብዛትና የድምር ማመሳከሪያ ከመጀመሪያው ሠርቶ ማስረከብ የነበረበት ሻጩ ነበር።

87ቱን ደረሰኞች ከሒሳብ ሠራተኛችን ጋር ሆነን በሁለት ምሽት አስገባናቸው። ከመጀመራችን በፊት የሒሳቡን ባክአፕ ወስደናል፤ ፒችትሪ ውስጥ በኢምፖርት የገባን መልሶ ማውጣት አድካሚ መሆኑን የሠራበት ያውቀዋል። ጥቅምት 29 ቅዳሜ ማታ ቢሮ ቆይቼ ዝውውሩን በዓይኔ ተከታተልኩ፤ 34 ደረሰኝ ወጣ፣ 34 ገባ።

በመግዛታችን ተጸጽቻለሁ ወይ ለሚለኝ፣ በማገናኛው አልተጸጸትኩም፤ በሻጩ ግን አዝኛለሁ። የዓመት ክፍያው በጥር ይደርሳል። ማጣሪያው እስከዚያ ካልተስተካከለና የታለፉ ረድፎች ብዛት በፊተኛው ስክሪን ላይ ካልወጣ፣ ባለቤቶቹ ውሉን እንዳያድሱ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ።