ሆንግ ኮንግ ላይ የተሳፈርንበት ሁሉ፦ ውዱም፣ ርካሹም

ጓንዡ ለዕቃ መመላለስ ከጀመርኩ ስድስት አመት አለፈኝ፣ ጫማና ቦርሳ ነው የማመጣው፣ ሆንግ ኮንግን ግን እንደ መተላለፊያ ነበር የማያት። ከጓንዡ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰአት ቢፈጅ ነው፣ ግን ነጋዴ መቼ ጊዜ አለው። ዘንድሮ በሁዳዴ ታላቅ እህቴ እታለም "አንዴ እንኳን ውሰጂኝ" ብላ ስለያዘችኝ ስራዬን ጨርሼ ሶስት ቀን ከሷ ጋር ሆንግ ኮንግ አሳለፍን። በሶስት ቀን ውስጥ በገመድ ተሳብን፣ በሽቦ ተንጠለጠልን፣ በጀልባ፣ በትራም፣ በሚኒባስ ዞርን፣ በቃ ያልወጣንበት ነገር የለም። ሰው እየደወለ "የቱ ይሻላል" ስለሚለኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ዶላር ስል የነሱን ነው የምለው ታዲያ። አንድ የአሜሪካን ዶላር የነሱን 7.8 ገደማ ይመነዘራል፣ ስለዚህ 100 ሲሏችሁ አትደንግጡ። ኦክቶፐስ የሚባለውን ካርድ መጀመሪያ ግዙ፣ ጠጋ አድርጋችሁ ጥ ማድረግ ብቻ ነው፣ ጀልባውም ትራሙም ሚኒባሱም ሱቁም በሱ ነው።

አርብ ቀን ፒክ ትራም። ይሄ ፒክ የሚባለው ተራራ ላይ በገመድ እየተሳበ የሚወጣው አረንጓዴ ባቡር ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1888 ጀምሮ ያለ፣ አሁን ያሉት ፉርጎዎች ግን በ2022 የገቡ አዲስ ናቸው፣ አንዱ 210 ሰው ይይዛል። ደርሶ መልስ ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ጉዞው ደግሞ 10 ደቂቃ አይሞላም። እኔ የተሸወድኩት ግን ትራሙ ላይ አይደለም፣ ጺም ሻ ጹይ በሚባለው ከባህሩ ማዶ ያለ ሰፈር መንገድ ዳር ቆሞ ትኬት የሚሸጥ ልጅ (ድርጅቱን ተዉት) "ኮምቦ ነው (ሁለት ትኬት ባንድ ላይ ማለቱ ነው)፣ ያለ ሰልፍ ትገባላችሁ" ብሎ ሸጠልኝና ስንደርስ ሰልፉ ያው የሁሉም ሰው ሰልፍ፣ በላዩ ላይ ማንም ያልፈለገው የሰም ሙዚየም መግቢያ ተጨምሮበት። መርካቶ አድጌ ሆንግ ኮንግ ላይ መሸወዴ እስካሁን ያበሽቀኛል።

ትራሙ ራሱ ግን አሪፍ ነው አልዋሽም። በስተቀኝ በኩል ተቀመጡ። ዳገቱ በጣም ቀጥ ያለ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ እናንተ ቀጥ ብላችሁ የተቀመጣችሁ ይመስላችሁና ውጪ ያሉት ፎቆች በሙሉ ወደ ተራራው ጋደል ብለው ሊወድቁ የተዘጋጁ መስለው ይታያሉ፣ እታለም እጄን ጨምድዳ "በስመአብ" ስትል የሰማች አንዲት ቻይና ሴትዮ ሳቋን አፍና መያዝ አቃታት። ላይ ስንደርስ ጉም። በቃ ጉም ብቻ። 428 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው መመልከቻ ሰገነት ላይ ቆመን ከተማው የት እንዳለ እንኳን አቅጣጫው ጠፋን። መጋቢት አካባቢ እንደዚህ ነው አሉ፣ እርጥበቱ ግድግዳ ያስለቅሳል። እታለም ደግሞ ስለ ተራራው ስትጠይቀኝ ቁመቱ ጫፉ ድረስ 552 ሜትር መሆኑን ነገርኳት፣ "እና ቦሌ ኤርፖርት ስንት ነው?" አለችኝ፣ ከ2300 በላይ ነው ስላት የቀረውን ሰአት ሙሉ ስትስቅ ዋለች። እንጦጦ ያየ ሰው በከፍታ አይታለልም፣ እዚህ የሚያስደንቀው ባህሩና ፎቁ አንድ ላይ ተጨናንቀው ሲታዩ ነው፣ እሱ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ሲል ብቻ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ከታች ሆናችሁ ቀና ብላችሁ እዩ፣ ጫፉ ካልታየ ብራችሁን ያዙ።

ስንመለስ በትራሙ ትኬት መመለሱን ትተን በአረንጓዴው 1 ቁጥር ሚኒባስ ወረድን፣ ሰልፉን አይቼ ነው። እኔ ከትራሙ ይልቅ እሱን ነው ያጣጣምኩት። እንደኛ ታክሲ ነው በሉት፣ ግን ረዳት የለውም፣ ትርፍ መጫን የለም፣ ወንበር ከሞላ ሹፌሩ እያያችሁ ያልፋችኋል። ከሹፌሩ በላይ ደግሞ ፍጥነቱን በቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ አለ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ያየዋል (አዲስ አበባ ላይ ይሄ ቢገጠም ስንት ጭቅጭቅ ይነሳ ነበር ብዬ አሰብኩ)። መውረድ ስትፈልጉ በነሱ ቋንቋ፣ በካንቶኒዝ፣ "ዮ ሎክ" ብሎ መጮህ ነው፣ ያው "ወራጅ አለ" ማለት በሉት። እኔ አፍሬ ዝም ስል እታለም በአማርኛ "ወራጅ አለ!" ብላ ለቀቀችው፣ ሹፌሩም አቆመ። ወራጅ በየትም አገር ወራጅ ነው።

ቅዳሜ ኬብል ካሩ፣ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደው። ንጎንግ ፒንግ 360 ነው የሚባለው፣ ላንታው ደሴት ላይ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለው ተንግ ቹንግ ሜትሮ ጣቢያ ነው የሚነሳው። ደርሶ መልሱ 300 ዶላር ገደማ ነው፣ ከነገርኳችሁ ሁሉ ውዱ እሱ ነው፣ እና ይሄኛው ላይ ያወጣሁት ገንዘብ አልቆጨኝም። 5.7 ኪሎ ሜትር፣ 25 ደቂቃ አካባቢ አየር ላይ ናችሁ። መጀመሪያ ባህሩን ተሻግሮ ወደ ኤርፖርቱ ደሴት ይሄድና እዛ ጥምዝ ብሎ ተመልሶ ወደ ተራራው ይወጣል፣ በዛ መሀል አውሮፕላን ከበታቻችሁ ሲነሳ ሲያርፍ ታያላችሁ። የኛን አየር መንገድ ጭራ ስንፈልግ አንገታችን ተቆለመመ፣ ወደ ሆንግ ኮንግ ይበራል እኮ፣ ግን በዛ ሰአት አልነበረም። ወለሉ መስታወት የሆነ ክሪስታል የሚሉት ካቢን አለ፣ ተጨማሪ ያስከፍላል፣ እኛ ተራውን ነው የያዝነው፣ በጎንና በፊት ያለው መስታወት ይበቃል፣ እግሬ ስር ባህር ካላየሁ የሚል ይክፈል። ንፋስ ሲበዛ ይዘጋል፣ ለጥገናም የሚዘጋባቸው ቀኖች አሉ፣ ሳታጣሩ እንዳትሄዱ። ከተዘጋም 23 ቁጥር አውቶብስ እዛው ያደርሳል፣ ጠመዝማዛ ነው፣ የሚያስመልሰው ሰው ይጠንቀቅ።

ላይ ትልቁ የነሐስ ቡድሀ አለ፣ 34 ሜትር፣ በ1993 ነው የተጠናቀቀው፣ 268 ደረጃ ወጥታችሁ ነው እግሩ ስር የምትደርሱት፣ ደረጃው ነጻ ነው። እታለም "የሰው ሃይማኖት ነው አልሳደብም፣ እኔ ግን እዚሁ ቁጭ ልበል" ብላ ታች ቀረች። እኔ ወጥቼ ስመለስ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ፣ ለካ ገዳሙ ውስጥ የጾም ምግብ ቤት አግኝታ! ፖ ሊን የሚባለው ገዳም የሚሸጠው ምግብ ስጋ የሚባል ነገር አይገባበትም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዳቦና ሙዝ ስትበላ የከረመች ሴት አስቡት። አስተናጋጇን "ኖ ሚት? ኖ ኤግ?" እያለች አራቴ አስምላ ነው የተቀመጠችው። ከአኩሪ አተር የተሰራ ቶፉ፣ እንጉዳይ፣ ጎመን፣ ሩዝ፣ ትኩስ ሾርባ። አንድ ነገር ግን ጎደለ፣ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የለም፣ መነኮሳቱ እሱንም አይበሉም። እታለም እንጉዳዩን አላምጣ አላምጣ ስታበቃ "ከኛም ይብሳሉ፣ እኛ እንኳን ቁሌት አለን" አለች። ሚጥሚጣ ከቦርሳዋ አውጥታ ነሰነሰችበትና ጨረሰችው።

እሁድ ሴንትራል የሚባለው መሀል ከተማው ወረድን፣ ይሄ ደግሞ ትኬት የለውም፣ የጉብኝት ቦታ ተብሎም አልተጻፈም፣ እኔ ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እሁድ እሁድ ቻተር መንገድ ለመኪና ይዘጋና በሺህ የሚቆጠሩ የፊሊፒንስ ሴቶች ካርቶን አንጥፈው ይቀመጡበታል፣ በባንኩ ህንጻ ስር፣ በመተላለፊያ ድልድዩ ላይ፣ የትም። የቤት ሰራተኞች ናቸው፣ ከሌላም አገር የመጡት ሲደመሩ ከተማው ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ አሉ፣ ህጉ በየሰባት ቀኑ አንድ የእረፍት ቀን ይሰጣቸዋል። አንዷ የሌላዋን ጸጉር ትሰራለች፣ ሩዝ በፌስታል፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ዕቃ በካርቶን ያሽጋሉ፣ ጥፍር ይቀባባሉ። እታለም ቤይሩት ስድስት አመት ሰርታለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አመት ከቤት አልወጣችም፣ አትወጪም ተብላ። ቆማ አየቻቸው፣ ቆማ አየቻቸው፣ እኔ ፎቶ ላነሳ ስል እጄን ይዛ "ተያቸው" አለችኝ። አንዷ ፈገግ ብላ ካርቶኑ ላይ ቦታ ለቀቀችላት፣ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ሰላሳ ደቂቃ አካባቢ ምን እንዳወሩ አላውቅም፣ እንግሊዝኛዋ ትንሽ ነው፣ የሴትየዋ አረብኛ ግን ለካ ጥሩ ነው፣ ኩዌት ሰርታ ነበር።

ከዛ ትራም። የመንገዱ ትራም ማለቴ ነው፣ "ዲንግ ዲንግ" ነው የሚሉት በደወሉ ድምጽ፣ ከ1904 ጀምሮ እየሄደ ያለ፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ቀጭን። 3 ዶላር ከሳንቲም ነው፣ ሩቅም ሂዱ ቅርብ። ከኋላ ትገባላችሁ፣ ከፊት ስትወርዱ ትከፍላላችሁ። ላይኛው ፎቅ የፊት ወንበር ካገኛችሁ አትነሱ። ኖርዝ ፖይንት የሚል የተጻፈበትን ያዙ፣ መጨረሻው ላይ ቹን ዩንግ የሚባል የገበያ መንገድ ውስጥ ይገባል፣ ሀዲዱ በገበያው መሀል ነው የሚያልፈው፣ ዓሳ ሻጩ፣ ሎሚው፣ ጎመኑ በሁለቱም ጎን፣ ገዢው ሀዲዱ ላይ ቆሞ ይከራከራል፣ ደወሉ ሲደወል ሳይቸኩል አንድ እርምጃ ዞር ይልና ትራሙ ሲያልፍ ተመልሶ እዛው ይቆማል። አንድ አሮጊት ፌስታሏን ብቻ ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች፣ እግሯን እንኳን አላነቃነቀችም። መርካቶ ነው እኮ! ኤሲ ግን የብዙዎቹ የለውም፣ በሙቀት ሰአት ትቀቀላላችሁ።

ሌላው ባጭሩ። ሴንትራል ላይ ያለው ኤስካሌተር ከ800 ሜትር በላይ ነው፣ ዳገቱን በነጻ ያወጣችኋል፣ ጠዋት እስከ 4 ሰአት በኛ አቆጣጠር ቁልቁል ብቻ ነው የሚሄደው፣ ከዛ በኋላ ሽቅብ። ጀልባው ማቆሚያ አጠገብ ያለው ሰው ጭኖ የሚዞረው ትልቁ መሽከርከሪያ 20 ዶላር ነው፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ውጡበት። ማታ 2 ሰአት ላይ የሚታየው የመብራት ትርኢት እንደሚወራለት አይደለም፣ ፎቆቹ ያለ ትርኢቱም ያው ያበራሉ። ፒክን ደግሞ እሁድ ማታ ሰማዩ ሲጠራ በ15 ቁጥር አውቶብስ ተመልሰን ወጣን፣ ሰገነቱን ትተን ሉጋርድ የሚባለውን መንገድ አስራ አምስት ደቂቃ ያህል በእግር ሄድን፣ ዛፉ ገለጥ የሚልበት ቦታ አለ፣ ሁሉም ነገር ከስራችሁ ነው፣ በነጻ። ያን የኮምቦ ልጅ እዛ ላይ አስታወስኩት።

ስታር ፌሪን መጨረሻ ላይ ያስቀረሁት ስለማይረባ አይደለም። ከሴንትራል ጺም ሻ ጹይ የሚያሻግር ጀልባ ነው፣ አረንጓዴና ነጭ፣ በ1880 አንድ የህንድ ፓርሲ (ድሮ ከፋርስ የመጡ ሰዎች ዘር) ነጋዴ የጀመረው፣ ጀልባዎቹ ሁሉ ስማቸው ኮከብ ነው፣ የጠዋት ኮከብ ምናምን። አንዴ በ1966 ታሪፉ ላይ 5 ሳንቲም ይጨመር ሲባል ከተማው በረብሻ ታምሶ ነበር፣ የታክሲ ታሪፍ ሲጨምር የኛን ሰው የሚያውቅ አይገርመውም። አሁን ላይኛው ፎቅ በስራ ቀን 5 ዶላር ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ትንሽ ይጨምራል፣ ታችኛው ከዛም ያንሳል ግን ሞተሩ ይሸታል። የእንጨቱን ወንበር መደገፊያ ገፋ ስታደርጉት ወደ ሌላኛው ጎን ይገለበጣል፣ ጀልባው ስለማይዞር ሰዉ ነው የሚዞረው። ሰማያዊ የለበሱ መርከበኞች ወፍራም ገመድ በዘንግ ስበው ያስሩታል፣ መወጣጫው ኳ ብሎ ይወርዳል፣ አለቀ፣ ዘጠኝ ደቂቃ።

እታለም በቤይሩት ልብስ ከምታሰጣበት ሰገነት ላይ ባህር ይታይ ነበር። ስድስት አመት ሙሉ አይታው አንድም ቀን አልወረደችም። የመጀመሪያ ቀን ስንሳፈር ጠርዙ ጋ ሄዳ ቁጭ አለች፣ ውሀው ፊቷ ላይ ሲረጭ ሻርፗን እንኳን አልሳበችም። ስንደርስ "እንመለስ" አለችኝ፣ የረሳሽው አለ ወይ ስላት "አይ፣ በዚሁ እንመለስ" አለች። በሶስት ቀን ውስጥ አስራ አንድ ጊዜ ተሻግረናል፣ ኦክቶፐሱን ሁለቴ ሞልቻለሁ። ኤርፖርት ላይ ካርዱን ብትመልሱ 50 ዶላር መያዣውን ከትንሽ ተቆራጭ በኋላ ይሰጧችኋል፣ የኔን መለስኩ፣ እሷ የሷን አልሰጥም አለች፣ አሁን ቦርሳዋ ውስጥ ከቀበሌ መታወቂያዋ ጋር ነው ያለው።